ለመቀቀያው ማሽን የጻፍኩት መመሪያ

ልጄ ዲጋ ውስጥ የመጀመሪያ ልጇን ልትወልድ ቀኗ ደርሶ ነበር። እኔ ግን ነቀምቴ ከምሠራበት ክሊኒክ ጓዳ መላወስ አልቻልኩም። የሐኪሞቹን መቀስና መቆንጠጫ በእንፋሎት የሚቀቅለውን ማሽን የማውቀው እኔ ብቻ ነበርኩ። አንድ ቀን ብቀር ቁስል የሚሰፋበት ንጹሕ ዕቃ የለም። መስኮት በሌለው በዚያ ክፍል ሠርቼ ልጆቼን አሳድጌበታለሁና አላማርርም። በዚያ ሳምንት ግን መተንፈስ አቃተኝ።

ልጄ በየጠዋቱ ትደውላለች። «እማዬ፣ መቼ ነው?»

የክሊኒኩ ኃላፊ «አሠራሩን ይጻፉልን» አለኝ። «ሌላ ሰው ወረቀትዎን ብቻ አይቶ ከቀቀለ ይሄዳሉ።»

ጻፍኩ። ውኃው እስከ መስመሩ ይሞላ፤ ክዳኑ ይጥበቅ፤ እንፋሎት ሲወጣ ማስተንፈሻው ይዘጋ። አንድ ገጽ ሞላ። ምንም የቀረ አልመሰለኝም።

በማግስቱ የካርድ ክፍሏ ልጅ መጣች።

«አካም ቡልተን፣ ሃርሜ! እንዴት አደሩ፣ እናቴ? ዛሬ የምፈትንዎት እኔ ነኝ።»

እያንዳንዱን መስመር ጮክ ብላ እያነበበች ሠራች። እኔ አፌን ይዤ ተቀመጥኩ። የዕቃው ጥቅል ሲፈታ፣ ሙቀት ሲደርሰው የሚጠቁረው ፕላስተር እንደ ነጣ ነው። ዕቃው አልተቀቀለም።

«ሃርሜ፣ እኔ አንዲት ፊደል አልዘለልኩም። ጥፋቱ የወረቀቱ ነው።»

ደነገጥኩ። ዳግመኛ አነበብኩት፤ ምንም አላገኘሁበትም።

«እስቲ እርስዎ ይሥሩ፣ እኔ ልይ» አለች።

ሠራሁ። እንፋሎቱ መውጣት ሲጀምር ነጠላዬን አስተካክዬ ውዳሴ ማርያሜን ጀመርኩ። ልጅቷ ወረቀቱን አየች፤ እኔን አየች።

«ይሄ የታለ?»

«የቱ?»

«ጸሎቱ።»

«እሱማ የኔ ነው፤ የማሽኑ አይደለም።»

«ማሽኑ ግን እየጠበቀዎት ነው።»

ሥራውን ያስተማረችኝ ሴት «መጀመሪያ አየሩ ይውጣ» ብላኝ ነበር። ያን ረስቼ፣ በየቀኑ ጸሎቴን ስጨርስ ማስተንፈሻውን እዘጋለሁ። ለካ አየሩ የሚወጣው በዚያ መሐል ነው።

ልጅቷ ጸሎቱ የሚፈጀውን በስልኳ ለካች፤ አሥር ደቂቃ። ወረቀቱ ላይ ጨመርኩ፦ «እንፋሎቱ መውጣት ከጀመረ በኋላ አሥር ደቂቃ ይጠበቅ። አየሩ ሳይወጣ ከተዘጋ ዕቃው አይጸዳም።»

«እኛ ጴንጤዎቹስ እስከዚያ ምን እንበል?»

«ሰዓት እዩ።»

ሳቀች። ከሰዓት ብቻዋን ቀቀለች፤ ፕላስተሩ ጠቆረ። ኃላፊው ፈረመልኝ።

ከዚያ ወዲህ ስለ ሥራ ስጽፍ እጄን የሚያይ ሰው አጠገቤ አስቀምጣለሁ። እጄ የለመደውን ራሴ አይነግረኝም።

ዲጋ ስደርስ ልጄ ገና አልወለደችም ነበር። እጇን ይዤ ከአዋላጇ ጋር አዋለድናት። የአራስ ገንፎውን ያገነፋሁትም እኔው ነበርኩ። ሦስት ቀን ሙሉ ከክሊኒኩ ስልክ አልተደወለልኝም።

ተመስገን።