ከትሪው ያራቅኋቸው እትዬ አስካለ

ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም። ለንስሐ አባቴ እንኳ ሌላ ሌላውን ስናዘዝ ይህን ዘልዬዋለሁ። ትምህርቴን ከስድስተኛ ክፍል ነው ያቋረጥኩት፤ ሰው ፊት መናገር አይሆንልኝም። መጻፍ ግን እችላለሁ።

አትላስ አካባቢ ባለ ምግብ ቤት ሽንኩርት እልጥ ነበር። ባላቸው የሞተባቸው እትዬ አስካለ ዕቃ ያጥባሉ። እኔና እሳቸው ልብሳችንን የምናስቀምጠው አንድ ቁም ሳጥን ውስጥ ነበር። ቫይረሱ በደሜ እንዳለ ካወቅኩ ገና ዓመት አልሞላኝም ነበር። ጉርድ ሾላ አብራኝ የምትኖረው ልጅ ዕቃ ስለምትበረብር መድኃኒቴን ቤት ማስቀመጥ ፈራሁ። የብልቃጡን ወረቀት ልጬ፣ እንዳይንኳኳ ጥጥ ጠቅጥቄ፣ እዚያው ቁም ሳጥን ውስጥ ደበቅኩት።

አንድ ቀን ቁም ሳጥኑ ሲጸዳ ብልቃጡ ወደቀ። ምግብ አብሳይዋ ከፍታ አየችው። በዚሁ በሽታ የታመመች እህቷን ያስታመመች ናት፤ ወዲያው አወቀችው።

«የማን ነው?»

«ባል የቀበረ ማን አለ እዚህ?» አለ አስተናጋጁ እየሳቀ።

እትዬ አስካለ ደነገጡ። «ኧረ በመድኃኔዓለም! የኔ አይደለም!» አሉና ወደ እኔ ዞሩ። «አንቺ ልጅ፣ አብረን አይደል የምናስቀምጠው? ንገሪያቸው እንጂ!»

«እኔ አላውቅም» አልኩ።

የራሴን መድኃኒት አላውቅም አልኩ። እኔን ማን ይጠረጥራል? አንገቷን የደፋች፣ ድምፅዋ የማይሰማ ልጅ ነበርኩ። እትዬ አስካለ ለረጅም ጊዜ አዩኝ። ከዚያ በኋላ አልጠየቁኝም።

ሠራተኛው ምሳ የሚበላው እንግዳ ሲቀንስ፣ አንድ ትሪ ከቦ ነው። ያን ቀን የእሳቸው በሳህን ለብቻ ተቆረሰ። ሳህኑን ማን ወሰደላቸው? እኔ። እጃቸውን ታጥበው ሊቀርቡ ሲሉ «እዚያ ይብሉ» ብዬ ማጠቢያው ጋ አስቀመጥኩላቸው። አብሮ በመብላት እንደማይተላለፍ መድኃኒቱን የምትሰጠኝ ነርስ ደጋግማ ነግራኛለች። ከሁሉም ይልቅ የማውቀው እኔ ነበርኩ። ተመልሼ ትሪው ጋ ተቀመጥኩ። አብሳይዋ «አይዞሽ፣ አንቺ ምስኪን፣ ከሳቸው ጋር ስትውዪ ከረምሽ» ብላ አጎረሰችኝ። ዋጥኩት።

ተመርምረው ነፃ መሆናቸውን የሚገልጽ ወረቀት አመጡ። «ወረቀት ማን ያምናል?» ተባሉ። በሳምንቱ ሥራውን ተዉ።

ባለፈው ዓመት ቦሌ መድኃኔዓለም በር ላይ ፊት ለፊት ተገጣጠምን። ነጠላዬን ፊቴ ላይ ሳብኩ። እሳቸው ግን ጠጋ ብለው ጉንጬን ሳሙኝ።

«መድኃኒትሽን እንዳታቋርጪ፣ ልጄ» አሉኝ በጆሮዬ።

ለካ ያን ቀን ሲያዩኝ አውቀው ነበር። «እሺ፣ እትዬ» ብቻ አልኩ። ያኔም እንኳ ይቅርታ አልወጣኝም! ምን ዓይነት ሰው ነኝ?

ልጅ ነበርኩ፣ ፈርቼ ነበር ልል እችላለሁ። እሳቸውም ፈርተው ነበር። እንጀራቸው ሲቆረጥ ስሜን አንድ ጊዜ ቢጠሩ ይበቃቸው ነበር፤ አልጠሩትም።