የተመረቀች ጀልባ

ወንድሜ አሰላ ውስጥ ጎሚስታ ቤት ይሠራ ነበር። ቀኑን ሙሉ ጎማ ሲነቅልና ሲለጥፍ ውሎ ማታ የሚያወራው ግን ስለ አሳ ነው። እስቲ አሁን በዚህ በገብስ አገር ምን የሚሉት የአሳ ፍቅር ነው! ፈቃድ ባገኘ ቁጥር ከጎሚስታው ልጅ ጋር የጭነት መኪና ላይ ይንጠለጠልና ወደ ጎበሳ ይሄዳል፤ ከጎበሳ ማዶ ደኑን ሰንጥቆ የሚወርድ ወንዝ አለ፣ እዚያ ዳር መንጠቆውን ጥሎ ይውላል። የጎሚስታው ልጅ የእናቱ አገር እዚያው ነው። እስላም ነው፣ አማርኛውን በኦሮምኛ እያዋዛ ሲያወራ በሳቅ ይገድለን ነበር። አንድ እግሩን ያነክሳል። «ይቺን እግሬን ሳሟት፣ ከውትድርና ያዳነችኝ እሷ ናት» ይለናል።

ወንድሜ ግን የሚያድነው እግር አልነበረውም። ዘመኑ የደርግ፣ የአፈሳ ዘመን ነው። በገበያ ቀን ታጣቂዎች ገበያውን ከበው ያገኙትን ጎረምሳ እንደ ከብት መኪና ላይ ይጭኑታል፤ ከዚያ ወደ ሰሜን ነው፣ ከሰሜን የሚመለስ ደግሞ አላየንም። ከኛ ቀበሌ የሚታፈሰውን የሚመርጠው ማን መሰላችሁ? የኛው አባት! ሊቀመንበሩ እሱ ነበር። የሰው እናት ደጃችን ላይ ወድቃ ስትንፈራፈር፣ ሻዩን ፉት እያለ «ልጅሽ ለእናት አገሩ ነው የዘመተው፣ እልል በይ» ይላታል። በጆሮዬ ሰምቻለሁ። እሷ መሬት ላይ፣ እሱ ወንበር ላይ ሆኖ፣ እልል በይ!

እናቴ «አባቱ ሊቀመንበር ሆኖ ልጄን ማን ይነካዋል» ትል ነበር። ወንድሜ ግን ሞኝ አልነበረም። በገበያ ቀን ጎሚስታው ጓሮ፣ የጎማ ክምር ውስጥ ተወሽቆ ይውላል። ጀልባ የመሥራት ሐሳብ የመጣለትም እዚያ ክምር ውስጥ ሆኖ ነው።

ሁለት የጭነት መኪና ጎማ የውስጥ ከመነዳሪ ይነፋል። በላዩ ላይ የባሕር ዛፍ አጣና ይረበረብና በሲባጎ ይታሰራል፤ ከታች ሸራ ይለብሳል። ሸራውን በጆንያ መርፌ የሰፋሁት እኔ ነኝ፣ ጣቴ ደም በደም እስኪሆን ድረስ። ዕቅዱ ደግሞ እንዲህ ነው፦ በገበያ ቀን፣ ታጣቂው ሁሉ ገበያ ላይ ሲያደባ፣ እነሱ ከጎበሳ ማዶ ካለው ወፍጮ ቤት በታች ወንዙ ውስጥ ይገባሉ። በደኑ ውስጥ እየቀዘፉ፣ እያጠመዱ፣ ፀሐይ ዘወር ስትል ድልድዩ ጋ ይወጣሉ። ከመነዳሪውን አስተንፍሰው በጭነት መኪና ወደ ቤት ይመጣሉ። «ውሃ ላይ ማን ያፍሰኛል?» ይል ነበር ወንድሜ። ደስታው ልጅ አድርጎት ነበር። ጾመ ነቢያት ስለነበር ለእናታችን የጾም አሳ ላመጣላት ነው ብሎም ምሏል። ሁለቱም ዋና አይችሉም። ጓደኛው «እኛ አሳ አናጠምድም፣ አሳው ነው እኛን የሚያጠምደን» እያለ ይስቃል።

አባቴ ጀልባዋን ግቢያችን ውስጥ ሲያያት በእርግጫ አላት። «ጎማ ላይ ተቀምጦ አሳ! አንተ እኮ ገንዳ ውስጥ የምትሰጥም ነህ!» አለው። ከዚያ በኋላ ምሳም ላይ እራትም ላይ መቀለጃው እሷ ሆነች። ወንድሜ አንገቱን ደፍቶ ይበላል፣ የኔ ቆሽት ያራል።

አንድ ቀን ግን ቀበሌ ስብሰባ ላይ አንዲት ልጇ የታፈሰባት ሴትዮ ብድግ አለች። «የርስዎስ ልጅ መቼ ነው የሚዘምተው?» አለችው፣ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት። እኔም እዚያው ነበርኩ። አባቴ ስብሰባውን በቶሎ በትኖ ቤት ገባ። ከዚያ ቀን ጀምሮ በጀልባዋ መቀለድ አቆመ። እንዲያውም አንድ ጥሩ ሸራ ከየት እንደሆነ እንጃ አምጥቶ «ይሄኛው ውሃ አያስገባም» ብሎ ሰጠው። ወይ ጉድ! እኛ ጅሎቹ ልቡ ራራ ብለን ደስ አለን።

አባቴ በአደባባይ እግዚአብሔር የለም ይላል። ቤት ውስጥ ግን ጉልበቱን ስሞ ሳይመረቅ መንገድ የሚወጣ ልጅ የለም። ምርቃቱም ወግ አለው። የምትገባበትን፣ የምታልፍበትን፣ የምትወጣበትን ቦታ አንድ በአንድ ትነግረዋለህ፣ እሱም አንድ በአንድ ይመርቅልሃል። ያልነገርከው ቦታ ላይ ምርቃቱ አይደርስም ተብሎ ነው ያደግነው። ጓደኛው «ዋላሂ፣ ለማንም እንዳትናገር! ለአባትህም ቢሆን!» ብሎ ለምኖት ነበር። ወንድሜ ግን «ዋና ሳልችል፣ ሳልመረቅ ውሃ ላይ አልወጣም» አለ።

በዋዜማው፣ ገና ሳይመሽ፣ አባቴ ፊት ተንበረከከ።

«ከየት ነው የምትገቡት?»

«ከወፍጮ ቤቱ በታች፣ አባባ።»

«በየት ታልፋላችሁ?»

«በደኑ ውስጥ።»

«የት ጋ ነው የምትወጡት? መቼ?»

«ድልድዩ ጋ። ፀሐይ ዘወር ስትል።»

አባቴ እጁን ራሱ ላይ ጫነ። «ከወፍጮ ቤቱ በሰላም ያስገባህ፣ በደኑ በሰላም ያሳልፍህ፣ ድልድዩ ጋ በሰላም ያውጣህ።» አሜን አልን፣ እናቴም እኔም። ወንድሜ ሲነሳ ዓይኑ እንባ አቅርሯል። ጓሮ ወስዶኝ «አባባ እኮ ይወደኛል» አለኝ።

በማግስቱ አመሻሽ ላይ አንድ ታጣቂ በኮባ ቅጠል የተጠቀለለ አሳ ይዞ መጣ። በሩ ላይ ለአባቴ «አላስቸገረም» ሲለው ሰማሁ፤ ምኑን እንደሆነ አልገባኝም። እናቴ አሳውን ስታይ ፊቷ በራ። «ልጄ አስቀድሞ ላከልኝ! ቃሉን እኮ አይበላም!» እያለች አጠበችው፣ እኔ በዘይት ጠበስኩት። ያን ያህል ጣፋጭ ነገር ቀምሳ እንደማታውቅ እየማለች በላች። አባቴም በላ። በልታ ስትጨርስ እጇን እየታጠበች «እሱስ ምነው ቆየ?» አለች።

አባቴ ከጥርሱ መሃል እሾህ አወጣ። «ልጅሽ ዘመተ» አላት። «እልል በይ።»

በነጋታው ጓደኛው መቅዘፊያውን ተደግፎ እያነከሰ መጣ። ግቢው በር ላይ ቆሞ ነገረኝ። ድልድዩ ሲታያቸው ታጣቂዎች ጠርዙ ላይ ተቀምጠው ነበር፤ ወንድሜን በስሙ ጠሩት። እሱ አልፈራም። ጀልባዋ ላይ ቆሞ እጁን አውለበለበላቸው። «አባባ ነው! መኪና ልኮልናል!» ብሎ ወደነሱ በኃይል ቀዘፈ። መኪናው ላይ ሲወረውሩት እንኳ «አባቴን ጠይቁት፣ አባቴን ጠይቁት» እያለ ነበር። እነሱ ይስቁ ነበር፤ ያጠመደውን አሳም ወሰዱት።

እናቴ ከኋላዬ ቆማ ሁሉንም ሰምታለች። ጓሮ ሄዳ ጣቷን ጉሮሮዋ ውስጥ ከተተች። የሚወጣ ነገር አልነበረም፣ እሷ ግን አላቆመችም።

አባቴ ስብሰባ ጠርቶ «ልጄ ወዶ ዘመተ» አለ፣ ደረቱን ነፍቶ። ያቺ ሴትዮ ተነስታ እልል አለች፣ ረጅም እልልታ። አንጀቷ የራሰ መሰለኝ። አልፈርድባትም።

ወንድሜ አልተመለሰም። የት እንደቀረም የነገረን የለም።

ከዓመታት በኋላ፣ ደርግ ሳይወድቅ፣ ሥራ አግኝቼ ሻንጣዬን አዘጋጀሁ። አባቴ ወንበሩን ደጅ አውጥቶ፣ ጉልበቱን ገጥሞ ጠበቀኝ።

«ነይ ልመርቅሽ። የት ነው የምትሄጂው? በየት በኩል ነው?»

«አልነግርዎትም» አልኩት።

መጀመሪያ ተቆጣ። ቀጥሎ ለመነኝ፤ ልጅ ሳይመረቅ ከቤት አይወጣም አለ። ጥዬው ሄድኩ። ከዚያ በኋላ ስንት ዓመት ኖረ፣ ላገኘው ሰው ሁሉ የት እንዳለሁ ይጠይቅ ነበር አሉ። በመጨረሻ አልጋ ላይ ሲውል ጥሪልኝ እያለ እናቴን ለመናት፣ አለቀሰባት። እሷ አድራሻዬን ታውቅ ነበር፤ አልነገረችውም።