የእማማ ዘነቡ ካርዶች

ሰሞኑን የጎረቤቴ ልጅ ለመመረቂያ ጽሑፏ የሰበሰበችውን መረጃ ኮምፒውተሯ ላይ ከፍታ፣ «እትዬ፣ ይቺ ሴትዮ ከሁሉም ተቃራኒ ሆነችብኝ፤ ላውጣት እንዴ?» አለችኝ። አፌን ሳልከፍት ልቤ የእንጦጦን ዳገት መውጣት ጀመረ።

ያኔ ገና ከሆሳዕና መጥቼ ፈረንሳይ ለጋሲዮን አንዲት የጓሮ ክፍል ተከራይቼ ነበር። ሰፈሩ ውስጥ ስሜን የሚያውቅ አልነበረም፤ ባለሱቁ እንኳ «የጓሮዋ ልጅ» ነበር የሚለኝ። ኮምፒውተር ማንም አላስተማረኝም፤ አንድ ጽሑፍ ቤት ተቀጥሬ፣ እየነካካሁ፣ እያበላሸሁ ነው የለመድኩት። እዚያው ሳለሁ ዶክተር ሰናይት የምትባል ተመራማሪ መረጃ እንዳስገባላት ወሰደችኝ።

ጥናቷ ስለ እንጦጦ እናቶች ኑሮ ነበር። በካርድ ላይ የተጻፉ ዓረፍተ ነገሮች አንድ በአንድ ይነበቡላቸዋል፤ እነሱም ካርዱን መሬት ላይ ይደረድራሉ። በጣም እኔን ይመስላል ያሉት ወደ ቀኝ ጫፍ፣ ጨርሶ አይመስለኝም ያሉት ወደ ግራ ጫፍ፣ ለወዲያም ለወዲህም ያላሉት መሃል። ቀኙ ጫፍ አራት፣ ግራው ጫፍ ከዜሮ በታች አራት፣ መሃሉ ዜሮ ተብሎ በአንድ ወጣት መዝጋቢ ይጻፋል። የኔ ድርሻ እያንዳንዷን እናት አንድ ዓምድ አድርጌ ቁጥሯን ማስገባት ነው፤ ከዚያ ፕሮግራሙ ሐሳባቸው የሚቀራረበውን በቡድን በቡድን ይለያል።

ሐምሌ ነበር። ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድብ ከነዚያ ቁጥሮች በቀር የሚያጫውተኝ አልነበረም። እንዲህ ስመረምራቸው አንድ ነገር ገረመኝ፤ ጥቂት እናቶች «ጸሎት ያጽናናኛል» የሚለውን ግራ ጫፍ ወርውረውታል። ከኪዳነ ምሕረት ደጅ የማይጠፉ እናቶች እኮ ናቸው። ለዶክተሯ ብነግራት ሳቀች። ለካ መዝጋቢው ጨዋ ልጅ ነው፤ ትልቅ ሰው ጀርባ መቆም ነውር ስለሚመስለው ፊት ለፊታቸው ቁጭ ብሎ የእነሱን ቀኝ ግራ አድርጎ ጽፎታል። የእነዚያን የቁጥር ምልክት ገለበጥን፤ ከዜሮ በታች የነበረው በላይ፣ በላይ የነበረው በታች ሆነ።

ከእናቶቹ አንዷ የሆኑት የእማማ ዘነቡ ግን አስቸገረን። የጸሎቱን ካርድ መሃል ነው ያደረጉት፤ ዜሮ ደግሞ ቢገለብጡትም ዜሮ ነው። ግራ ጫፍ ላይ ያለው «ክፉ ቀን ቢመጣ የምጠራው ሰው አለኝ» የሚለው ነበር። ከተገለበጠ ሰው አላቸው፤ ካልተገለበጠ ማንም የላቸውም። መዝጋቢው እሳቸው ዘንድ የት እንደተቀመጠ ትዝ አላለውም። እኔ እንዲገለበጥ ተመኘሁ፤ ለጥናቱ ብዬም አይደለም። ዶክተሯ ግን በግምት አይሆንም፣ ሄደሽ ጠይቂያቸው አለችኝ።

ታክሲው እስከሚያደርሰኝ ሄጄ ቀሪውን በእግሬ ወጣሁ። ጭጋጉ ባሕር ዛፉ ላይ ተኝቷል፤ አፈሩ ጫማዬ ላይ እየተለጠፈ ይከብደኛል። መንገድ ዳር ቅቅል ድንች በአዋዜ አስጠቀለልኩ። እማማ ዘነቡን ደጃቸው ላይ እርጥብ ቅጠል ሲጠርጉ አገኘኋቸው። ከሰላምታ በኋላ ልጁ ያን ዕለት የት ተቀምጦ እንደነበር ጠየቅኋቸው።

«ፊት ለፊቴ ሊቀመጥ ነበር፣ መርማሪ ይመስል» አሉ። «ተው፣ እዚህ ጎኔ ና አልኩት። አጠገቤ ሰው ከተቀመጠ ስንት ጊዜው።»

ጎናቸው ከተቀመጠ አልተገለበጠም ማለት ነው። ቢሆንም ስለ ክፉ ቀን የሚለውን ካርድ እየፈራሁ አነሣሁባቸው።

«ግራ ነው ያስቀመጥኩት። አልተሳሳትኩም፤ ምነው፣ ቅር አላችሁ?»

«ኧረ እማማ፣ እንዲያው እርግጡን ለማወቅ ነው።»

መጥረጊያቸውን ግድግዳው ላይ አስደግፈው፣ «አንቺስ ልጄ፣ የት ታስቀምጪዋለሽ?» አሉኝ።

የድንቹን ጥቅል መፍታት ያዝኩ። እሳቸውም አልጨቀጨቁኝም፤ ደጃፉ ላይ ካለው መደብ ተቀምጠው ቦታ ለቀቁልኝና ድንቹን አብረን በላን።

ስመለስ ቁጥራቸውን እንዳለ ተውኩት። ስሌቱ ሲሠራ ከየትኛውም ቡድን አልገጠሙም፤ ዶክተሯም ስለ እሳቸው ለብቻው ጻፈች። እኔ ደግሞ እስኪያርፉ ድረስ እሑድ እሑድ ዳገቱን መውጣት ለመድኩ። ብቸኝነታችን አለቀ አልልም፤ ሁለት ብቸኞች ቁጭ ብለን ዝናብ እናይ ነበር እንጂ።

ለጎረቤቴ ልጅ አታውጫት፣ መጀመሪያ ጠይቂያት አልኳት። ዕድሜ ይህችን አስተምሮኛል። አንዷ «ማንም የለኝም» ስትለኝ ቶሎ ብዬ «ኧረ አለሽ» አልልም፤ ይሄ እሷ ያስቀመጠችውን ካርድ አንሥቶ ደስ ወደሚለኝ ጫፍ መውሰድ ነው። እንዳለችው እቀበላትና አጠገቧ ቁጭ እላለሁ።