ኮንዶም ለመግዛት ዴራ ድረስ

ባለቤቴ ሦስተኛ ልጃችንንም እንደ ሁለቱ በቀዶ ጥገና ነው የወለደችው። ከሆስፒታል በምንወጣበት ቀን ሐኪሙ ሁለታችንንም አስቀምጦ፣ «የማህፀኗ ጠባሳ ሳስቷል። ከእንግዲህ ብታረግዝ ሊቀደድ ይችላል» አለን። የማህፀን ቱቦዋን ስለ ማስቋጠርም አንስቶልን ነበር፤ እኔ ነኝ «እናስብበት» ብዬ ያሳለፍኩት። የወሊድ መከላከያ ክኒኑ ደም ግፊቷን ከፍ አደረገባት። ክንዷ ላይ የተቀበረውም ደም እያፈሰሰ ሲያስቸግራት ወጣላት። የቀረን ኮንዶም ነበር።

አሰላ ውስጥ ሃያ ዓመት ባዮሎጂ አስተምሬያለሁ። ስለ ኤችአይቪ ሳስተምር ኮንዶም የሚለውን ቃል ሰሌዳው ላይ በትልቁ እጽፍ ነበር፤ ተማሪዎቹ ሲስቁ እቆጣለሁ።

ከሰፈራችን በታች ያለውን ፋርማሲ የያዘችው ልጅ ተማሪዬ ነበረች። መጀመሪያ የገባሁ ቀን ብድግ ብላ፣ «ቲቸር፣ ምን ልስጥዎት?» አለችኝ። በጣቴ አሳየኋት። ልጅቷ ጠቅልላ ሰጠችኝ። ዞር ስል ግን የዕድራችን አንዲት ሴትዮ የሳል መድኃኒት ልትገዛ ከኋላዬ ቆማ ኖሯል። እሁድ ዕድር ላይ ባለቤቴን ጥግ አስይዛ፣ «እህቴ፣ ባልሽን ጠብቂ። ሲገዛ በዓይኔ አይቼዋለሁ» አለቻት።

ባለቤቴ ቤት እንደገባች በሳቅ ፈረሰች። «ለእኔው ነው የሚገዛው ስላት ፊቷን ብታየው!»

እኔ አልሳቅሁም። «እንዴት እንዲህ ትያታለሽ? ነገ በየት በኩል ላልፍ ነው?» ብዬ ጮህኩባት።

ከዚያ ወዲህ ዴራ መሄድ ጀመርኩ። ቆላ ነው፤ የሚያውቀኝ የለም። በወር አንድ ቅዳሜ ሚኒባስ እሳፈራለሁ። ሰው ከጠየቀኝ ቲማቲም ልገዛ ነው እላለሁ። ውሸቴ እንዳይታወቅም አንድ ፌስታል ቲማቲም ይዤ እመለሳለሁ።

አንድ ክረምት መንገዱ ተበላሽቶ ሚኒባሶቹ ቆሙ። የነበረንም አለቀ።

«እዚህ ታች ሄደህ ግዛ። ካፈርክ እኔ ልሂድ» አለችኝ።

«አንቺ ደግሞ! ሴት ገብታ ስትጠይቅ ምን ይላሉ?»

«ያሉትን ይበሉ።»

«አንድ ቀን ነው። ምንም አይመጣም» አልኳት።

ዝም አለች። ያንን ዝምታ እንደ እሺታ ቆጠርኩት። አሁን ሳስበው እሺታ አልነበረም፤ ከእኔ ጋር መከራከር ሰልችቷት ነው።

አረገዘች። ሐኪሙ ስንነግረው ካርዷን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦ እኔን ብቻ አየኝ። ክትትል ጀመረች፤ በየሳምንቱ ትሄድ ነበር። በሰባተኛው ወር አንድ ጠዋት ልጆቹን ቁርስ እያበላች ሳለ ሆዷን ይዛ ወለሉ ላይ ተቀመጠች። ባጃጅ ጠርቼ ሆስፒታል ሳደርሳት ከንፈሯ ነጥቷል። ማህፀኗን አውጥተው እሷን አተረፏት። ሕፃኑ ወንድ ነበር። አልተነፈሰም።

ቤት ከገባን በኋላ የዕድር ሰዎች ሊያጽናኑ መጡ። ያች ሴትዮም ምግብ ይዛ መጣች። «አይዞሽ፣ ሦስት አሉሽ እኮ» አለቻት። ባለቤቴ ቀና ብላ አላየቻትም። ሁሉም ወጥተው ብቻችንን ስንቀር ወደ እኔ ዞረች።

«ለእሷ ብለህ ነው?» አለችኝ። «እሷ እንዳታይህ?»

ተነስቼ የሴትዮዋን ሳህን ወደ ጓዳ ወሰድኩ።

ይኸው አራት ዓመት ሆነው። ከልጆቹ ጋር ነው የምትተኛው። ስለ ትምህርታቸው፣ ስለ ቤት ጉዳይ እንነጋገራለን፤ ላየን ሰው ደህና ባልና ሚስት ነን። ይቅርታ ጠይቄያታለሁ፣ አንዴም አይደለም። ሁልጊዜ «ሰምቻለሁ» ትለኝና ወደ ሥራዋ ትመለሳለች።