መጀመሪያ እጁን

ዛሬ ጠዋት ፌርፋክስ ጎዳና ላይ መኪናዬን ፓርክ አድርጌ ስወርድ፣ አንዲት ነጠላ የለበሱ እናት ከፊቴ አዳልጧቸው ወደቁ። «እኔን!» ከማለቴ በፊት ዓይኔ እጃቸውን ፈለገ።

ይህን አመል ያስለመዱኝ ጋሼ በላይ ናቸው። ታክሲ ነጂ ነበሩ፤ የሰፈራችንን ልጆች ኳስ በዱላ እየመቱ የሚሮጡበትን ሶፍትቦል ያስተማሩት እሳቸው ናቸው። ቅዳሜ ቅዳሜ ፓርኩ ውስጥ ወላጆችና ልጆች እንጋጠም ነበር። የአሥራ ሦስት ዓመት ልጅ ሳለሁ፣ አንድ ቀን ነጥቡ እኩል ሆኖ ነጥብ ወደሚያስቆጥረው መጨረሻው ቤዝ እየሮጥኩ ነው። ጋሼ በላይ ኳሱን ይዘው ይጠብቁኛል፤ በኳሱ ከነኩኝ አበቃልኝ። ድንገት በግንባራቸው ተደፉ። ልባቸውን እንደሚያማቸው ሁላችንም እናውቃለን። አልተንቀሳቀሱም። ሩጫዬን ትቼ አጠገባቸው ቆምኩ።

«እኔን፣ ጋሼ!» ብዬ ጎንበስ ስል፣ እጃቸው ተነስቶ ኳሱን ትከሻዬ ላይ አሳረፈው።

«አውት ነሽ!» አሉ፣ ከአፋቸው ሳር እየተፉ። «ሰው ሲወድቅ መጀመሪያ እጁን እዪ፣ ልጄ።»

ሜዳው በሳቅ ፈረሰ። እኔ ግን ከንፈራቸው ጠቁሮ አይቻለሁ። የእውነት ወድቀው እንደሆነ ሳልጠይቃቸው ቀረሁ።

እኚህ እናት አሁንም አልተነሱም። እጃቸው ባዶ ነው፤ ወደ እኔ ተዘርግቷል።