የሐጂ ጀለቢያና አልወርድ ያለው ውሃ

ልጄ ከአዲስ አበባ የልብስ ማጠቢያ ማሽን ካመጣችልኝ ወዲህ የግቢያችን ሰዎች ከበድ ያለ ልብሳቸውን እኔ ጋ ያመጣሉ። ሰፈራችን ሄርማታ ውስጥ ውሃ የሚመጣው በፈረቃ ስለሆነ፣ ቧንቧው በተለቀቀ ቀን ማሽኑ አያርፍም። የዒድ ዋዜማም እንዲሁ ነበር። ከሰዓት በኋላ ጎረቤቴ፣ የሐጂ ሚስት፣ የባሏን ነጭ ጀለቢያ ይዛ መጣች። ለነገ ጠዋት ሶላት ከሱ ሌላ የላቸውም፤ አሮጌው ብብቱ ላይ ተቀዷል።

ማሽኑ እንደ ወትሮው ሲያገላብጥ ቆየና ውሃውን ማፍሰስ ሲገባው ቆመ። በመስታወቱ ስናይ ውሃው እስከ ግማሽ ሞልቶ የፈላ ሻይ መስሏል። በሩም አልከፈት አለ።

"ማሎ እትዬ፣ ጀለቢያው ቡኒ ሊሆን ነው" አለች።

"ቱቦው ተጣጥፎ ይሆናል፤ ቆይ።"

ማሽኑን ከግድግዳው ፈቀቅ አደረግነው። ቱቦው ምንም አልሆነም። ቁልፉን እንደገና ስጫነው ከታች ትንሽ ያጉረመርምና ዝም ይላል። ሐጂ ድምፃችንን ሰምተው መጥተው በራፉ ላይ ቆሙ።

"ድሮም ብያለሁ፤ እጅ ያለው ሰው ልብሱን ለብረት አይሰጥም" አሉ።

"የሚያጥበው እጅ የማን ሆነና ነው?" አለቻቸው ሚስታቸው።

ለልጄ ደወልኩ። ሶኬቱን ነቅዬ ከታች ጥጉ ላይ ያለችውን ትንሽ ክዳን እንድከፍት ነገረችኝ። "ውስጥ ማጣሪያ አለ። ቀስ እያልሽ ፍቺው እማዬ፣ ውሃው ባንዴ እንዳይለቀቅብሽ።"

ጨርቅ አነጠፍን፣ ትሪ አስጠጋን። ማጣሪያውን ጥቂት ሳላላው ውሃው ይወርዳል፤ ትሪው ሲሞላ መልሼ አጠብቀዋለሁ፣ እሷ ትደፋለች። ውሃው ሲያልቅ ማጣሪያውን መዘዝኩት። የራሰ የቡና ልጣጭ ተለጥፎበታል፤ በመካከሉ ፍሬዎች ተሰክተዋል።

ሐጂ ቡና ነጋዴ ናቸው። ከነልጣጩ የደረቀውን ጀንፈል ሲገዙ አንዱን ፍሬ ጆሯቸው አጠገብ ይነቀንቁታል። ከተንኳኳ ልጠው ይነክሱታል፤ ጥርስ ከመለሰ ደርቋል ማለት ነው። ልጣጩንና የቀረውን ፍሬ ከነንክሱ ኪሳቸው ይከቱታል።

ሚስታቸው አንዱን ፍሬ መዳፏ ላይ አድርጋ ወደ ብርሃኑ ያዘችው።

"ይሄ የማን ጥርስ ነው፣ ሐጂ?"

ሐጂ ጎንበስ ብለው አዩት። "ደርቆ ነበር" አሉ።

"አሁንማ ርሷል።" ሳቀችና ወደ እኔ ዞረች። "ጁምዓ ለብሰውት ከመስጊድ በቀጥታ ወደ መጋዘን እንደሚሄዱ እያወቅሁ ኪሱን አላየሁም" አለችኝ።

ማጣሪያውን አጥቤ መለስኩትና ጀለቢያውን ለብቻው ደግመን አጠብነው። ውሃው በቱቦው ሲወርድ ሦስታችንም ቆመን ሰማን። ጀለቢያው ሲወጣ ግን የጎን ኪሱ ዙሪያ ቡናማ ጥላ ቀርቶበታል። በሎሚ አሽተን ፀሐይ ላይ ሰጣነው። ደበዘዘ እንጂ አልጠፋም።

በማግስቱ ጠዋት ሰዉ ወደ ሶላት ሲወጣ በራፌ ላይ ነበርኩ። ሐጂ ጀለቢያቸውን ለብሰው፣ እጃቸውን ኪሱ ላይ ጭነው ወጡ።

"እጅዎን ያውርዱ እንጂ፣ ሰው ጎንዎን የሚያምዎት ይመስለዋል" አለቻቸው ሚስታቸው ከኋላ።

እጃቸውን አወረዱ። "ዒድ ሙባረክ" ተባባልንና አለፉ።