ኤግበርት በመርከብ ቀን ሲቀበር

ሚስ አይሲልዳ ዓሣ ጠብሳ ልጆቿን ያሳደገች፣ በከተማችን የምትፈራ ሴት ናት። ባሏ ኤግበርት ዕድሜውን ሙሉ ዓሣ ያወጣበትን ዳርቻ፣ እነዚያ የሽርሽር መርከቦች መምጣት ሲጀምሩ አጥር ዋጠው። እሱም ከአጥሩ ጀርባ ተቀምጦ ባሕሩን በቀዳዳ እያየ ሞተ። የተናዘዘው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ወደ መቃብር ስትወስዱኝ በዳርቻው በኩል አሳልፉኝ አለ።

የቀብሩ ዕለት ታዲያ ትልቁ መርከብ መጥቶ ቆመ። እኛ ጃማይካውያን የመርከብ ቀንን እናውቀዋለን። የታጠበ ልብስ ከመስኮት ይነሳል፣ ሰካራም ከአደባባይ ይለቀማል። የመርከቡ እንግዶች በቁምጣ ከተማውን በእግራቸው እንዲዞሩ እኛ ከገዛ መንገዳችን እንጠረጋለን። ይህን ሳስብ አሁንም ደሜ ይፈላል።

ሬሳውን በሳጥን ተሸክመን የዳርቻው በር ስንደርስ ጥበቃው ሌንወርዝ እጁን ዘርግቶ አስቆመን። እዚሁ ሰፈር ያደገ ልጅ ነው፤ የኤግበርትን ዓሣ በልቶ ነው ጢም ያበቀለው።

«ሚስ አይሲ፣ በጓሮ መንገድ ይዙሩ፤ ወይ መርከቡ እስኪሄድ ይጠብቁ። እንግዶቹ ሬሳ ማየት አይወዱም። እኔ ታዝዤ ነው።»

«ኤግበርትስ እነሱን ማየት የሚወድ መሰለህ? በቁሙ ገፋችሁት። ሞቶም ተራ ይጠብቅላችሁ?»

ግርግር አንፈልግም ብለን ልንዞር ስንል ሳጥኑ እንቢ አለ። እኛ ዘንድ ሬሳ በዳዩ ፊት ሲደርስ ተሸካሚውን ይዞ ይቆማል። የፊቱን እጀታ የያዝኩት እኔ ነኝ፤ ማንም አልገፋም። ሳጥኑ ዞሮ ሌንወርዝ ደረት ላይ ተደቀነ።

ሌንወርዝ ወደ ኋላ አፈገፈገ። «ሚስ አይሲ፣ እኔ ምን አደረግኩት?»

«እኔን ምን ትጠይቀኛለህ? ፊትህ ነው ያለው፤ እሱን ጠይቀው።»

አልጠየቀም። በሩን ከፈተ።

ዳርቻው ላይ ደግሞ እንግዶቹ ከበቡን። ለእነሱ የተሰናዳ ትርኢት መስሏቸው ስልካቸውን ቀስረው አጨበጨቡ። ባሏን በምትቀብር ሴት ፊት! ለቅሶና ዘፈን የማይለይ ሰው ምን ሊያይ አገር ይዞራል? ሳጥኑን አውርጄ ልሳደብ ምንም አልቀረኝም ነበር።

ሚስ አይሲልዳ ግን «አስቀምጡት» አለችን። ክዳኑን ራሷ ከፈተች። ጭብጨባው ተቋረጠ፤ ስልኮቹ አንድ በአንድ ወረዱ።

«ኤግበርት ይባላል» አለቻቸው። «ሥራው እዚህ ነበር።»

ፊቱን ወደ ባሕሩ አዞርንለት። እሷ በቃ እስክትል ድረስ ከእንግዶቹም ከእኛም የተንቀሳቀሰ የለም።